በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የሚቀመጥ ጆሮ

የእማማ ጆሮዎች ኤሲ ባለበት ክፍል ተኝተው ሲያድሩ፣ እማማ ራሳቸው ሳሎን ውስጥ፣ አንገቱ አልዞር ያለ ቬንትሌተር ሥር በላብ ተጠምቀው አደሩ። የአንድ ሌሊት ነገር ቢሆን ባልከፋ፤ ወደዚህ ወበቃም ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ከመጡ ጀምሮ የእንቅልፉ ድልድል ይኸው ነው። ጆሮዎቹ ማለት ልጆቻቸው ተዋጥተው የገዙላቸው ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች ናቸው፤ ባቄላ ያህላሉ። እማማ ግን ባቄላ አያህሉም፤ ስለዚህ በባልና ሚስቱ መኝታ ቤት፣ ከሕፃኑ አልጋ ጎን ቦታ የተገኘው ለጆሮዎቹ ነው። ክዳኑ ጥብቅ በሚል ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ የእርጥበት መለኪያ ራስጌያቸው ተደቅኖላቸው ይተኛሉ። ልጃቸው ማታ ማታ መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ ሕፃኑን አይቶ ነው መብራት የሚያጠፋው። ለእናቱ «ደህና እደሪ» የሚለው በእጁ ምልክት ነው፤ ጆሯቸውን አስቀድሞ አስተኝቶታልና።

የዛሬ ጠዋት እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አንሶላቸውን ሲያጥፉ፣ ከማእድ ቤቱ የመስታወት በር ባሻገር ምራታቸው ስትናገር አዩ። አዩ ነው እንጂ ሰሙ አልተባለም። እማማ ወጣትነታቸውን የፈጁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ማሽን ሲጠብቁ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢጮኹ ጩኸቱን ማሽኑ ይውጠዋል፤ ሰው የሚነጋገረው በከንፈር ነበር። ከወዲያ ማዶ የቆመችው ሴት የማንን ባል እያማች እንደሆነ ከወዲህ ማዶ አይቶ መለየት ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። ጆሯቸውን የበላውም ያው አዳራሽ ነው፤ ግን ባዶ እጃቸውን አልሸኛቸውም። ምራታቸው ደግሞ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት። ዘመኗን በሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ «ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ አለ» ስትል የኖረች ሴት እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ ቆርሳ ነው የምታቀብለው። እማማ በዕድሜያቸው እንደ እሷ ከንፈር ግልጽ ጽሑፍ አላነበቡም። ይህን ለእሷ የነገራት ሰው ግን የለም።

«እናትህን እወዳቸዋለሁ» ስትል አዩ። እንዲህ ካለ መግቢያ በኋላ ደግ ነገር እንደማይከተል እማማ ያውቃሉ። «እወዳቸዋለሁ፤ ግን የሦስት ወር ልጅ ለማይሰማ ሰው ትቼ ሥራ አልገባም። ሲያለቅስ ማን ይድረስለት? ሞግዚቷ ዛሬ ከምሳ በኋላ ትመጣለች፤ እንያት። እሳቸውን እሑድ አሳፍራቸው። እንዳይከፋቸው ግን አንተው ንገራቸው።» ልጃቸው ምን እንደመለሰ አልታወቀም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። የእናቱን ችሎታ ጠንቅቆ የሚያውቅ እሱ ነውና፣ ገና ከልጅነቱ ጥፋት ያጠፋ ቀን የሚናገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። የዛሬው ጀርባ ግን እሺ ያለ ጀርባ ይመስላል።

እማማ ያጠፉትን አንሶላ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ክፉኛ ተከፉ። እዚህ ድረስ የመጡት ይህን ሕፃን ሊይዙ ነው። የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥተው፣ «ምራቴ ሥራ ልትገባ ነው፤ ያለኔ ማን አላት» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውጀው፣ ከደጋ ወደ ቆላ የወረዱት ለዚህ ነው። አሁን እሑድ ተመልሰው ምን ሊሉ ነው? የባሰው የሚያንገበግባቸው ደግሞ ሌላ ነው። አይሰሙም የተባሉት ልጃቸው ጆሯቸውን ስለወሰደባቸው ነው፤ ጆሯቸውን የወሰደባቸው ደግሞ እንዲሰሙ ብሎ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ አይደል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባልም ድሮ ስለ ሐሜት ይመስላቸው ነበር። እንዲህ በር ተዘግቶለት ሌላ ክፍል የሚያድር ባዳ ይሆናል ብለው መቼ አሰቡ።

ነገሩ የተጠነሰሰው ገና ከጉዞው በፊት ነው። መሣሪያውን የገጠመላቸው ባለሙያ ቆላ ሊወርዱ መሆኑን ሲሰማ አስቀምጦ መክሯቸው ነበር። ቀን ጆሮ ላይ፣ ማታ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ መታጠቢያ ቤት አይግባ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ ላብ ሲያርፍበት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ሲያድር የባትሪው ክዳን ተከፍቶ ይደር። ልጃቸው ይህን ሁሉ በስልክ ሲከታተል ቆይቶ «ሳጥን ውስጥ» የምትለዋን ብቻ አጥብቆ ያዘ። አይፈረድበትም፤ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነው፤ በእሱ ዓለም ከሳጥኑ የወጣ ዕቃ ሊበላሽ መንገድ የጀመረ ዕቃ ነው። አውቶቡስ ላይ እንዳያደርጉት ከለከላቸው። እማማም ሳጥኑን ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን በሙሉ ደንቁረው መጡ። ለምሳ በቆሙበት ከተማ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ሲጣራ ረጋ ብለው ሻያቸውን ሲጠጡ፣ አውቶቡሱ ጥሏቸው ሊሄድ ለጥቂት ነው።

የደረሱ ዕለት ማታ ግን አደረጉት። ወበቁ ከጆሯቸው ጀርባ ላብ ሲያወርድ የቀኙ መሣሪያ ሲጥ ሲጥ አለና ዝም አለ። ሳጥን ውስጥ አድሮ ሲነጋ ደህና ነበር። ልጃቸው ግን ከዚያች ማታ ወዲህ ደህና አልሆነም። ጆሮ የሚፈቀደው ከራት በኋላ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ኤሲው ተከፍቶ በሩ ተዘግቶ፣ እማማ ሳይነቃነቁ ከተቀመጡ ብቻ ሆነ። ያን ሰዓት ሕፃኑ ተኝቷል። እማማ እስከ ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ አልሰሙም። አፉ ሲከፈት፣ ምላሱ ሲርገበገብ፣ ፊቱ በርበሬ ሲመስል ያያሉ፤ ድምፁ ለሌላው ሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ልጃቸው ወደ ሥራ እስኪወጣ ጠብቀው ተነሡ። ምራታቸው ሕፃኑን አስተኝታ ልብስ ታሰጣለች፤ በዚህ አገር የተሰጣ ልብስ በሁለት ቀኑም እንደረጠበ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ጆሮዬን አምጪልኝ» አሏት።

«አሁን?» አለች። ለእማማ ስትናገር ትጮሃለች። እማማ የሚያነቡት ከንፈሯን ስለሆነ የጩኸቱ ትርፍ ለጎረቤት ነው። «ሙቀት ነው እኮ እማማ። እሱ ከሰማ ደግሞ…»

«ይስማ። በዚህ ቤት የሚሰማው እሱ ብቻ ሆኗል።»

ሳጥኑን ከፈቱት። ከላይ ጥጥ ነው፤ ከጥጡ ሥር ላስቲክ፤ ላስቲኩ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣው፣ እርጥበት የምትመጠው ትንሽ ከረጢት፤ ከእሷ ሥር ሁለቱ ጆሮዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ንጉሥ ሲቀበር እንኳ ይህን ያህል አይገነዝም። እማማ አንዱን አንሥተው የባትሪውን ቦታ ቢያዩት ባዶ ነው። ሌላውም ባዶ ነው። ምራቲቱ ስልክ ደወለች፤ እማማ ከንፈሯን ተከተሉ። «ባትሪውስ? የት አልከኝ? መጋዘን ምን ይሠራል? የክትባት ፍሪጅ ውስጥ?» ስልኩን ዘግታ ለእማማ አስረዳቻቸው። ልጃቸው ባትሪ በሙቀት ይደክማል ብሎ፣ ማታ ማታ ይዟቸው እየመጣ ጠዋት ጠዋት ይዟቸው ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ልጅ እንደሚያመላልስ ሰው።

«እንግዲያው ሄጄ አመጣለሁ» አሉ እማማ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ።

«ብቻዎን? ሳይሰሙ?»

«ከአገሬ እዚህ የመጣሁት ሰምቼ ነው እንዴ? ሞግዚቷ ሳትመጣ እመለሳለሁ። ከምሳ በኋላ አይደል?»

ምራቲቱ እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ቀረች። «ሞግዚት… ማን ነገረዎት?»

«አንቺው ነሻ» አሉ እማማ፣ በጣታቸው መጀመሪያ የመስታወቱን በር፣ ቀጥሎ ከንፈሯን እያሳዩ። «ከንፈርሽ ጥርት ያለ ነው። እኛ ፋብሪካ ብትሆኚ ትወደጂ ነበር።»

እማማ በሩን ዘግተው ሲወጡ ምራታቸው ከመጡ ወዲህ ከዚያ መስታወት ባሻገር የተናገረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ ጀምራ ነበር። ቀላል ሥራ አልነበረም።

ውጪው እንደ ሸማ ማጠቢያ በርሜል ይተናል። ግድግዳው ሁሉ ከሥሩ ሻግቷል፤ ባለሱቆቹ በር ላይ ወንበር አውጥተው በካርቶን ይራገባሉ። እማማ ባጃጅ ያዙ። ነጂው ወሬኛ ነበር፤ እግዜር ሲረዳቸው ደግሞ የኋላ ማሳያው መስታወት ወደ ታች ስለዘመመ የሚታያቸው አፉ ብቻ ነው። አማቱ አብራው እንደምትኖር፣ በእሱ ቤት በእሱ ወንበር ተቀምጣ እሱን እንደምትቆጣ፣ ሚስቱም ለእናቷ እንደምታደላ ሲዘረዝር እማማ «አይ»፣ «ተው እንጂ»፣ «እሷስ ምን ታድርግ፣ ከፍቷት ይሆናል» እያሉ አጫወቱት። ሲወርዱ «እናቴ፣ እንደ እርስዎ የሚያዳምጥ ሰው ጭኜ አላውቅም» አላቸው። ከሒሳቡ ላይ ግን ለማዳመጣቸው ብሎ የቀነሰላቸው ነገር የለም።

መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ገና ከበሩ ብርዱ ፊት ይመታል። እስከ ጣሪያ የተደረደረው ካርቶን ሁሉ «በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። እማማ ልጃቸው ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት ሲያነብ እንደኖረ አሰቡና ትንሽ አዘኑለት። ጥበቃው ማንነታቸውን ሲያውቅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው ሄደ። ፊት ለፊታቸው በመስታወት የታጠረ ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ውስጡ ልጃቸው የክረምት ካፖርት ለብሶ፣ እንደሱ ካፖርት ከለበሰች ፋርማሲስት ጋር ብልቃጥ ይቆጥራል። ዛሬ ለጉድ ፊቱ ወደ መስታወቱ ነው፤ ዓይኑ ግን ብልቃጡ ላይ ስለነበር እናቱን አላየም። ሴትየዋ የሆነ ነገር ጠየቀችው።

«ሞግዚት ልናይ ነው» ሲል አነበቡ። «እማዬ ከፍቷታል መሰለኝ። ምን ላድርግ? መሣሪያው በዚህ ሙቀት ከተበላሸ ሌላ የምንገዛበት አቅም የለንም።» ብልቃጡን አስቀመጠ። «አንቺ አታውቂም። ልጆች ሆነን ቤት ውስጥ ቀልድ ሲወራ፣ ሰው ሲበዛ የማንን ከንፈር ትከተል? ሁላችንም ስቀን ስንጨርስ ነበር የምትስቀው። እኛን አይታ። መሣሪያው የተገጠመላት ቀን ግን ከሁላችን ቀድማ ሳቀች። ያ ሳቅ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።»

የእማማ ሆድ ባባ። መንገዱን በሙሉ ሲያቦኩት የመጡት ንዴት ከእጃቸው አመለጠ፤ ልጃቸውን ያን ጊዜ፣ በዚያ ሞኝ በሚያስመስለው ካፖርት ውስጥ፣ እጅግ አድርገው ወደዱት። ይሁንና ሆድ መባባት ባትሪ አይሆንም። ተነሥተው መስታወቱን በቀለበታቸው አንኳኩ። ልጅየው ቀና ብሎ እናቱን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው። ወዲያው እንደረፈደ ገብቶት ወጣ።

«እማዬ፣ በዚህ ሙቀት…»

«ባትሪዬን።»

«ማታ አመጣው የለ? ላብ እኮ…»

«እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ እማማ ወደ መደርደሪያዎቹ እያመለከቱ። «ከዚህ ሁሉ ካርቶን የትኛውን ነው አስቀድመህ የምታወጣው?»

ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነው፤ ወዲያው ፊቱ ፈታ አለ። «ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበትን ነዋ። ደንቡ ነው። የሚያልፍበት ካልቀደመ፣ መደርደሪያ ላይ በደህና እንደተቀመጠ ያልፍበታል። ስንቱ መድኃኒት አንድ ሰው ሳይጠቅም የተቃጠለው በዚህ ነው።»

«ጥሩ» አሉ እማማ። «ከእኔና ከመሣሪያው ቀድሞ የሚያልፍበት የቱ ነው?»

ፋርማሲስቷ መስታወቱ ውስጥ ሆና ብልቃጥ የምትቆጥር መሰለች። ልጅየው ተመልሶ ገብቶ ከፍሪጁ ባትሪዎቹን አወጣና በጭብጡ ይዟቸው መጣ። እማማ እጃቸውን ሲዘረጉ ራሱን ነቀነቀ። «ከብርድ ወጥተው ወዲያው ከገቡ ጤዛ ይይዛቸዋል። ትንሽ ይሙቁ።» እሱስ ልክ ነው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሱ ጭብጡን ጨብጦ፣ እሳቸው ጭብጡን እያዩ።

«ያን ቀን ቀድሜ የሳቅሁት» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀልዱ አስቆኝ አይደለም። ቀልዱ መናኛ ነበር። የእናንተ ድምፅ ነው ያሳቀኝ።» ልጃቸው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ መስታወቱን አየና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለምሳ አስፈቅዶ አብሯቸው ወጣ።

ቤት ሲደርሱ ሞግዚቷ ቀድማ መጥታ ኖሮ ጉልበቷን ገጥማ ሳሎን ተቀምጣለች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት፤ የሚጠላ ነገር የላትም፣ እማማ ሊጠሏት ሞክረው አልሆነላቸውም። ሰላም ብለዋት አለፉና ፊታቸውን ታጠቡ፤ ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን ላብ በደረቅ ፎጣ አደራርቀው ጠረጉ። ሻሻቸውን አጥፈው፣ ከግንባራቸው የሚወርደው ላብ ጨርቁ ላይ እንዲቀር አድርገው አሰሩት። ልጃቸው ባትሪዎቹን አስገባ። ጆሮዎቹ በጠራራ ፀሐይ፣ ኤሲ በሌለበት ሳሎን፣ በዚህ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታቸውን ያዙ። እማማ መጀመሪያ የሰሙት ቬንትሌተሩን ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ራሳቸው ላይ እንዲህ ሲያቃስት እንደሚያድር አያውቁም ነበር። ቀጥሎ ምራታቸው «እማማ፣ ምሳ ይብሉ» ብላ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸችባቸው።

«ቀስ የኔ ልጅ» አሉ ጆሯቸውን ይዘው። «አሁን ቤት አለሁ።»

ምራቲቱ ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ገብቷታል። ሕፃኑን በተንቀሳቃሽ አልጋው አምጥታ ሶፋው አጠገብ አቆመችውና ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «እማማ፣ አልዋሽዎትም፤ የምፈራው አንድ ነገር ነው። እኛ ማእድ ቤት ገብተን እንነጋገራለን። ሲነቃ እኔ ሳልደርስ ካነሡት፣ ሞግዚት አልቀጥርም፤ ልጄ ከእርስዎ ጋር ይውላል። ካላነሡት ግን እንዳይቀየሙኝ።» እማማ ተስማሙ። ሞግዚቷም የራሷ ጉዳይ በሌላ ሰው ጆሮ ሊወሰን መሆኑን ሰምታ ወደ ማእድ ቤት ተከተለቻቸው። የመስታወቱ በር ተዘጋ።

እማማ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። እንዲህ ያለ ፈተና ድሮም አልፈዋል፣ ያውም ያለ ጆሮ። ይህን አሁን የመጋዘን ኃላፊ የሆነውን ልጃቸውን ሲወልዱ ፋብሪካው ጆሯቸውን ጨርሶት ነበር፤ ሌሊት ማልቀሱን የሚያውቁት እጃቸውን ሆዱ ላይ አድርገው በመተኛት ነው። ሆዱ ሲርገፈገፍ ይነሣሉ። ማንም ሳይደርስለት ያደረበት ሌሊት የለም፤ ድምፁን ግን አንድም ቀን አልሰሙትም። ምን ዓይነት አልቃሻ እንደነበር ዛሬም የሚያውቁት ሰው ሲያወራ ነው።

ሕፃኑ እግሩን ዘረጋ። አፍንጫው ነፋ አለ፤ የሚያፏጭ ዓይነት፣ ቀጭን። «እህ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እህ»፣ የተቀየመ ሽማግሌ ይመስል። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አኮረፈ፣ ዝም አለ። ከዚያ ያ የሚያውቁት አፍ ተከፈተ፣ ያ የሚያውቁት ምላስ ተርገበገበ፤ ዛሬ ግን ከውስጡ ድምፅ ወጣ። ሻካራ ነበር። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ፤ አየር ስቦ ደግሞ ከነበረበት ቀጠለ። ያችን ለምታህል ሆድ የማይገባ ድምፅ ነው። የእማማ እጅ ወደ አልጋው ተዘርግቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፈተናውን ረስተውታል፤ እሑድን ረስተዋል፤ ጎረቤትም ሰፈርም ከሐሳባቸው ወጥቷል። በጉንጫቸው የሚወርደው ላብ አልነበረም።

የመስታወቱ በር ተበርግዶ ምራቲቱ ሮጣ ገባች፤ ልጃቸውና ሞግዚቷ ተከተሏት።

«እማማ፣ አይሰማዎትም እንዴ?»

«ይሰማኛል» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኑ አፍ ላይ ሳያነሡ። «መጀመሪያ አፍንጫው ነፋ። ከዚያ እህ አለ፣ ሁለት ጊዜ። ቀጥሎ አኩርፎ ዝም አለ። ለቅሶው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላነሡትም?»

«ካነሣሁት ዝም ይላላ» አሉ እማማ። «እናንተ ሦስት ወር ሙሉ ሰምታችሁ ጠግባችሁታል።»

ምራቲቱ ሕፃኑን ልታነሣ እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለሰችው። ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ከእማማ ጎን ተቀመጠች። ሞግዚቷ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና፣ «ይህ ልጅስ ሰው አለው» ብላ ጫማዋን ፍለጋ ወደ በሩ ሄደች።